ከመንገድ የማይታየው ቤት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የልጅ ልጅ ሕይወት ከአዲስ አበባ መጥታ ደሴ እኔ ዘንድ ሰነበተች። አርክቴክቸር ነው የምትማረው፤ ልትመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። እሁድ ከምሳ በኋላ ስልኳን አውጥታ «እማማ፣ አንቺ ወጣት ሆነሽ ላስታ ሠርተሽ የለ? እስቲ ይችን እያት» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ እስካደርግ ስልኩ ጠፋ፤ እሷ አበራችው፤ እኔ ስነካው ደግሞ የሰው ሠርግ መጣ። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን በመጨረሻ አየሁት።

ፎቶው የተራራ ነው። ቀይ ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ሥር ደግሞ፣ ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ አንዲት ክብ የድንጋይ ቤት። ጣሪያዋ ሣር ነው፤ መስኮቷ ከመሬት ብዙም አይርቅም። አስተማሪዋ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦ «ጥንታዊ የላስታ ቤት። ሠሪውም ዘመኑም አይታወቅም። መስኮቱ ዝቅ ማለቱ ምናልባት ለመከላከያ ሊሆን ይችላል።»

«ከተፈጥሮ ጋር የተዋሃደ ንድፍ ማለት ይኸ ነው» አለች ሕይወት። «አያት ቅድመ አያቶቻችን ሳይማሩ እንዴት ያውቁበት እንደነበር እያት! የመመረቂያ ሥራዬ አካባቢውን የማይጎዳ የተራራ ማረፊያ መንደፍ ነው፤ መነሻዬ እሷ ናት።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ እንጃ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ልጅቱ ደነገጠች።

«ሳይማሩ? ሳይማሩ ነው ያልሽው?» አልኳት። «ዲፕሎማዬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለልሽ፤ ሂጂና አውጥተሽ እዪው። በቁሜ ቅድመ አያት አደረግሽኝ እንዴ! ያችን ቤት የነደፍኳት እኔ ነኝ፤ እኔ ይርገዱ!»

በጎን አየችኝ። እርጅናው የጫነኝ ሳይመስላት አልቀረም። ስለዚህ ቁጭ አድርጌ ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳት፤ ለእናንተም እንደዚያው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያ ክፉ ድርቅ አልፎ ሰው ነፍሱን መሰብሰብ የጀመረበት ጊዜ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የወልድያ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ ተምሬ ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ ላስታ አውራጃ መደቡኝ። የት ትፈልጊያለሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ወረቀቱ ያለሽ ቦታ ትሄጃለሽ፣ አለቀ። እናቴ «ሴት ልጅ ከድንጋይ ጋር ምን ጉዳይ አላት?» እያለች፣ እያጉረመረመች በሶዬን ቋጠረችልኝ።

ጋሸና መገንጠያው ላይ የላሊበላ መኪና ስጠብቅ ሁለት ቀን ከረምኩ። የጋሸና ብርድ፣ ያላየው አያውቀውም፤ ከጆሮ ጀምሮ ነው የሚበላ። ሾፌሮች ከሚበሉበት ቤት ገብቼ ትኩስ የበግ ቅቅል ስጠጣ ነፍሴ ተመለሰች። ኬላው ላይ አንድ ወታደር በጀርባዬ ያንጠለጠልኩትን የንድፍ ወረቀት ቱቦ አይቶ «ምንድነው የያዝሽው? መሣሪያ ነው?» አለኝ።

«ቤት ነው» አልኩት።

አስከፈተኝ። የትምህርት ቤት ሥራዬን ዘርግቶ ወደ ላይ ወደ ታች ካየ በኋላ «ይኸ ቤት በር የለውም» አለ። በሩን በጣቴ አሳየሁት። «ጠባብ ነው» ብሎ ጠቅልሎ መለሰልኝ። በቤት ጉዳይ ሐሳብ የሌለው ሰው እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኬን ያየሁትም ይኸንኑ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ረጅም፣ ካኪ ለባሽ፣ ድምፃቸው ከሌላ ክፍል የሚሰማ ሰው ነበሩ። ክፉ ነበሩ አልልም። የሚፈሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም በተራቸው የሚፈሩት ነበራቸው። ገና እግሬ እንደገባ ሥራዬን ነገሩኝ። ከላሊበላ በላይ፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚያስኬደው በኩል፣ ተራራው ወገብ ላይ የችግኝ ጣቢያ ተከፍቷል። ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች የእርዳታ ስንዴ እየተሰፈረላቸው ችግኝ ያፈላሉ፣ ውሃ ከታች ከምንጩ በእንስራ ያመላልሳሉ፣ እርከን ይክባሉ። ይኸን ሁሉ የሚሠሩት ልጆቻቸውን አዝለው ነው። ጥግ የሚይዙበት የለም። ባለፈው ክረምት በረዶ ሜዳ ላይ ይዟቸው መንበሬ የምትባለዋ ሴት ሕፃን ልጅ ከሞት የተረፈው ለጥቂት ነው። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ አንድ ማረፊያ ቤት ይሠራላቸው ተባለ።

ንድፉ ከአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ ረጅም አራት ማዕዘን፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ለቆላውም ለደጋውም ያው አንድ ንድፍ ነው። የኔ ድርሻ ቦታ መርጦ፣ ችካል ተክሎ ማሠራት ብቻ ነበር።

«አንድ ነገር ልብ በይ» አሉኝ ኃላፊው። «ሰኔ ላይ የበላይ አካል ለጉብኝት ይመጣል። ቆርቆሮው ከመንገድ መታየት አለበት። ከመኪና ሳይወርዱ ማብለጭለጩን ማየት አለባቸው። ገብቶሻል ጓድ ይርገዱ?»

«ገብቶኛል ጓድ» አልኩ።

ቦታውን ያገኘሁት በአንድ ቀን ነው። ሚያዝያ ነበር፤ ሰማዩ ጥርግ ያለ፣ መሬቱ እንደ ሸክላ የደረቀ። ከዚያ ሁሉ ገደልና ቋጥኝ መካከል እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ሜዳ ተዘርግቶ አላገኝ መሰላችሁ! አሸዋማ ነው፣ አንድ ድንጋይ የለበትም፣ ከመንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተፈጥሮ ለኔ ብላ ያዘጋጀችው መሰለኝ። ችካሌን ተከልኩ፣ ገመዴን ወጠርኩ፣ መስመሩን በአመድ አሰመርኩና ግንበኛው ይምጣ አልኩ።

ግንበኛው አያ ደምሌ ይባላሉ። ስልሳን የዘለሉ፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። በዚያ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲፈርስ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ወረቀቴን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ አዩት።

«ይኸ ቤት የየት አገር ነው?»

«የዚሁ ነው አያ ደምሌ።»

«አይ ልጄ፣ የዚህስ አይደለም። እንግዳ ነው። እንግዳ አይደር አልልሽም፤ ግን የት እንደሚያድር የቤቱን ጌታ ይጠይቃል።»

«የቤቱ ጌታ ማነው?»

«ውሃው ነዋ» አሉ፣ ይኸ እንዴት ይጠፋሻል በሚል ዓይን። ቀጠሉና ወደ ሴቶቹ ዞረው «እስቲ ስድስት እንስራ ውሃ ኸላይ፣ ኸቋጥኙ ራስ ላይ አውጡልኝ» አሉ።

ደሜ ፈላ። ችግኙ በጥም እየጠወለገ፣ ሴቶቹ የአንድ ሰዓት አቀበት ተሸክመው የሚያመጡትን ውሃ ድንጋይ ላይ ሊያፈሱ! «ኧረ አያ ደምሌ፣ በማርያም! ይኸ እኮ ግፍ ነው» አልኩ። ጠቡ ሊካረር ሲል መንበሬ ገባችበት። አጭር፣ ፈጣን፣ ምላሷ የተሳለ ሴት ናት፤ ያ ከበረዶ የተረፈው ልጇ ጀርባዋ ላይ ነው።

«ተይው እታለም» አለችኝ። «የምንሸከመው እኛ ነን። ዛሬ አንድ ዙር ብንጨምር አንሞትም። ቤቱ ያለቦታው ቢሠራ ነው የምንሞተው።»

ውሃው ከላይ ፈሰሰ። በቋጥኙ ፊት ላይ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ የተማከረ ይመስል አንድ ላይ ገጠመና ድንጋዩን ታክኮ ወረደ። ወረደ፣ ወረደና በቀጥታ በሁለቱ ችካሎቼ መካከል ገባ። የአመድ መስመሬን ይዞት ሄደ። ያ ቦታ የተደለደለው በየክረምቱ ጎርፍ እየተኛበት ነው ለካ! የስድስት እንስራ ውሃ እንዲህ ከሄደ የሐምሌ ዝናብ ምን ሊያደርግ ነው?

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አሉ አያ ደምሌ ቀስ ብለው። ሴቶቹ እንዳይስቁብኝ መሬት መሬት ያያሉ፤ መንበሬ ብቻ አልቻለችም፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እኔ ፊቴ በርበሬ መሰለ። እኔን ብሎ ባለዲፕሎማ! ችካሌን አንድ በአንድ ስነቅል ይኸው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚባለው እየታሰበኝ ነበር። ሞኝ ልሁን አልሁን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ወረቀት ግን አለመሆኔን ወሰንኩ።

በማግስቱ አያ ደምሌ በጎች አስከተሉኝ። አዎ፣ በጎች። «ኸሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የት እንደሚተኙ እዪ» አሉኝ። ነፋሱ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል እያፏጨ ሲመጣ በጎቹ ተራ በተራ ሄደው ከአንድ የተንጠለጠለ ቋጥኝ ሥር ተኙ። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀሚሴ እንኳ አይንቀሳቀስም። ከላይ ያፈሰስነው ውሃም በዚያ በኩል ዝር አላለም። በግ መጠለያ ሲመርጥ መሐንዲስ አያማክርም!

ሦስት ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ ያንን የአዲስ አበባ ንድፍ ገልብጬ በጀርባው አዲስ ቤት ነደፍኩ። በመካከሉ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግሬ ሄጄ ዋሻው ውስጥ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አየሁ። እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ፣ አንዱ ሌላውን ይዞ፣ ስንት ዘመን ቆሟል። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ብዙ ቆምኩ፤ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ነገር እዚያ ገባኝ። እኔም በየክንዱ ልዩነት አንድ ዙር እንጨት በግድግዳዬ ላይ አስገባሁ። እንጨቱን ግን ከተራራው አልቆረጥንም። ዛፍ ለሚያለሙ ሴቶች ቤት ተብሎ ዛፍ ቢቆረጥ እግዜሩም ይታዘበናል። ከታች ከገበሬው ባሕር ዛፍ ተሰጠን፤ ድንጋዩ ለእርከን ሲቆፈር የወጣው ነው፤ ሣሩ ከደጋው የመጣ ጓሳ ነው። ጀርባዋ ራሱ ቋጥኙ ሆነ። ቤት አልሠራንም ማለት ይቻላል፤ ተራራው የጀመረውን ጨረስንለት።

ሴቶቹንም ጠየቅኋቸው። ይኸን አስተማሪዎቼ አላስተማሩኝም፤ ስድስቱ እንስራ ነው ያስተማረኝ። መንበሬ ቆፍጠን ብላ «መስኮቱን ዝቅ አድርጊልን» አለች። «መሬት ቁጭ ብለን ስናጠባ ችግኙ እንዲታየን። ፍየል የሚገባው እኛ ጡት ስንሰጥ ጠብቆ ነው።» ሌላዋ ደግሞ ቆርቆሮውን አነሳች፤ ጦርነቱ ቀርቧል፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሰው የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ይሸፍናል፣ «ከልጆቻችን ራስ በላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ ነገር አታድርጊብን» አለች። አያ ደምሌም «እዚህ ነፋስ ላይ ቆርቆሮ ክንፍ ነው» አሉ።

ቆርቆሮውን ምን እናድርገው? ሲያስቡ ቆዩና አያ ደምሌ ከቤቱ በታች ለስላሳው ቀይ ድንጋይ ላይ ጉድጓድ መፈልፈል ጀመሩ። ያ የአመድ መስመሬን የወሰደው ውሃ በጠባብ ቦይ እየተመራ እዚያ እንዲገባ፣ ቆርቆሮው ደግሞ ፀሐይ እንዳይመጠው ከብትም እንዳይገባበት በላዩ ላይ ተከድኖ አፈር እንዲለብስ። ሴቶቹ ከምንጭ መመላለሳቸው ይቀልላቸዋል። ሳየው ዘልዬ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው፤ ሽማግሌው አፍረው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

ኃላፊውን አላስፈቀድኩም። ባስፈቅድ እንደሚከለክሉኝ አውቃለሁ፤ ክረምቱ ደግሞ ፈቃድ አይጠብቅም።

ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ሙሉ ቦካ፤ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እረፍት ላይ የገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን፣ በሶ እንበጠብጣለን። ግድግዳው ወገብ ሲደርስ አያ ደምሌ ጠሩኝ። «ቤት የነደፈ ሰው በእጁ አንድ ድንጋይ ሳያሳርፍ አይሄድም፤ ደንባችን ነው» አሉ። ደስ አለኝ። መርጬ መርጬ አንድ ቆንጆ ቀይ ድንጋይ፣ መሐሉ ነጭ መስመር ያለው፣ አነሣሁና መስመሩ እንዲታይ በቁሙ ከበሩ ግራ አስገባሁት። ግንበኞቹ ሁሉ መዶሻቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

«ምነው?»

«ድንጋይ እንደ ተፈጠረ ነው የሚተኛ» አሉ አያ ደምሌ። «መሬት ውስጥ በየት በኩል እንደ ተኛ አይተሽ፣ ግድግዳውም ላይ እንደዚያው ታስተኚዋለሽ። በቁሙ ካደረግሽው ውርጭ ይሰነጥቀዋል።»

ልነቅለው ስታገል እጄን ያዙኝ። «ተይው። ግራና ቀኙ ይይዙታል። ቤት አንድ የተማረ ድንጋይ ቢሸከም አይወድቅም።»

የዚያን ቀን ያልሳቀ ሰው የለም። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ግን ከንክኖኛል።

ቤቱ ሰኔ መጀመሪያ ላይ አለቀ። ሰኔ አጋማሽ ላይ እንግዶቹ መጡ። ኃላፊያችን መኪናውን መንገዱ ላይ አስቁመው እጃቸውን ወደ ተራራው ዘረጉ፤ ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«የታለ?» አሉኝ።

«ያውና ጓድ፣ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር።»

«ቋጥኙማ ይታየኛል! ቤቱ የታለ?»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሽበታም መኮንን፣ ሳቅ አለ። ኃላፊው ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ጎን ሳቡኝ። «ቆርቆሮው የት ገባ? ይኸ አሻጥር ነው፤ ለአሻጥር ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ?» በዚያ ዘመን ያች ቃል ከተጠራች በኋላ ሰው ወዴት እንደሚገባ አይታወቅም ነበር። «ይውጡና ይዩት» አልኳቸው።

ሽቅብ ጀመርን። ግማሽ እንደ ደረስን የአቡነ ዮሴፍ ራስ ጠቆረ፤ ነፋስ ቀደመ፣ ከዚያ በረዶው ወረደ። እንዲያው የባቄላ ፍሬ የሚያህል! ችግኙ መሐል የነበሩት ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ቋጥኙ ሮጡ፤ እያየናቸው አንድ በአንድ ተራራው ዋጣቸው። እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መኮንኑ «ወዴት ነው የገቡት?» እያለ በሁለት እጁ ራሱን ይዟል።

ያን ጊዜ ከድንጋዩ ውስጥ የመንበሬ ድምፅ ጮኸ፦ «በዚህ! በዚህ በኩል ግቡ! ምን ትገተራላችሁ?»

ድምፁን ተከትለን ሮጥን። ኃላፊያችን በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ እኔም ተከተልኩ። ውስጡ ደረቅ ነው፤ የሰው ትንፋሽ አሙቆታል። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ያጠባሉ። ውጪ ሰማይ እየፈረሰ፣ የሣሩ ጣሪያ ግን ድምፁን ውጦት ዝም ብሏል። ኃላፊያችን ውሃቸውን እያራገፉ ያን ትልቅ ድምፃቸውን ለቀቁት፦ «እኮ ቆርቆሮው...»

«እሽሽ!» አለች መንበሬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «ጓድ፣ ልጅ ተኝቷል።»

እኔ አለቀልን ብያለሁ። ኃላፊያችን ልጁን አዩት። ያ ባለፈው ክረምት ለጥቂት የተረፈው ልጅ አፉን ከፍቶ፣ እጆቹን በትኖ፣ በረዶውን ሳያውቀው እንቅልፉን ይለጥጣል። ኃላፊያችን ኮፍያቸውን አወለቁና ቀስ ብለው መሬት ተቀመጡ። ከሹክሹክታ በላይ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በዝቅተኛው መስኮት ሁላችንም ውጪውን አየን። ጎርፉ ቀይ ሆኖ ወርዶ ያንን የተደለደለ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ጠረገው፤ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ። አያ ደምሌ በአገጫቸው ጠቆም አድርገው «የወረቀቱ ቤት እዚያ ነበር ጓድ» አሉ። ሲያባራ ወስደው ጉድጓዱን አሳዩአቸው፤ ቆርቆሮው ከነአፈሩ በላዩ ላይ ነው፣ ከሥሩ ውሃው አፉ ድረስ ሞልቷል።

መኮንኑ «ማነው ያጠናው?» ብሎ ሲጠይቅ ኃላፊያችን ሳይርበተበቱ «መሥሪያ ቤታችን ያጠናው ነው» አሉ። አይ ሰው! ሪፖርቱም እንደዚያው ተጻፈ፤ ስሜ የለበትም። ነገር ግን ወደ መኪናው ስንወርድ ወደ ኋላ ቀረት ብለው «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

«ብነግርዎ እሺ ይሉኝ ነበር?»

ትንሽ ሄዱ። «አልልሽም ነበር» አሉ። እውነቱን ስለተናገሩ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ላስታን ከመልቀቄ በፊት አያ ደምሌን በበሩ መቃን ላይ ስሜን ይጥረቡልኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር። አልሆንም አሉ። «በቁሙ ያኖርሽው ድንጋይ አለልሽ፤ እሱን የሚመስል በላስታ ሁሉ የለም። ኸዚያ በላይ ፊርማ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ደሴ ውስጥ ብዙ ነደፍኩ፤ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ የሰው መኖሪያ። ግማሹ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። በአንዱም ላይ ስሜ የለም።

ሕይወት ይኸን ሁሉ ስነግራት ሻይዋ ቀዘቀዘ። «እማማ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ አምንሻለሁ። አስተማሪዬ ግን ማስረጃ ይላል።»

«አምጪው ስልኩን» አልኳት። «በሩን አሳዪኝ። ከበሩ ግራ።»

በሁለት ጣቷ ፎቶውን ከፈተችው፤ በሩ ቀረበ፣ ድንጋዮቹ ቀረቡ። ሁሉም ተኝተዋል፤ በሥርዓት፣ ጎን ለጎን። ከመካከላቸው አንድ ቀይ ድንጋይ ብቻ፣ መሐሉ ነጭ መስመር ያለው፣ በቁሙ ቆሟል። ውርጩም አልሰነጠቀው። ጮኸች ልጅቱ! ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች፤ እኔም አብሬያት ጮህኩ።

«መስኮቱስ? ለመከላከያ ነው የሚለውስ?»

«እሱ ልክ ነው፤ ለመከላከያ ነው» አልኳት። «ከፍየል።»

እየሳቀች ደብተሯን አውጥታ «ሠሪው አይታወቅም» የሚለውን ሰረዘች። መጀመሪያ አያ ደምሌን ጻፊ አልኳት፣ ነፍሳቸውን ይማረው። ቀጥለሽ መንበሬንና ውሃ የተሸከሙትን ሴቶች። ከዚያ እኔን። «ንድፍ፦ ይርገዱ» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ ካህናቱ፤ የዚያን እሁድ ግን ኮራሁ፣ ደረቴ እስኪነፋ ኮራሁ፤ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ።

ሕይወት ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ቆይ ቆይ» አለችና ፎቶውን ወደ መስኮቱ ሳበችው። «እማማ፣ ሰው አለባት እኮ!»

መነጽሬን ጠረግሁ። እውነትም በዝቅተኛው መስኮት ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች፤ የሻሿ ጫፍና የታቀፈችው ልጅ ራስ ይታያል። አስተማሪውም ፎቶ አንሺውም አላዩዋትም። እሷም እነሱን ከቁም ነገር አልቆጠረቻቸውም፤ ዓይኗ ወደ ጎን፣ ወደ ችግኙ በኩል ነው። ፍየል ትጠብቃለች።